የቅንብር ሕግን መጣስ የሚገባው መቼ ነው? የኮንሶ የድንጋይ ካቦች ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት ኮንሶ፣ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በካብ የታጠሩት ጥንታዊ መንደሮቹና እርከኖቹ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ባህል ውጤቶች ናቸው። ለደቡብ ኦሞ አጥኚዎች ቅርብ የሆነው ይህ ስፍራ አንድ የአሠራር ጥያቄ ያስነሣል፤ ፎቶግራፍ ለጥናት ማስረጃ ሲሆን የቅንብር ሕግ እስከ ምን ድረስ ይገዛል?

በስፋት የሚጠቀሰው የሦስትዮሽ ክፍፍል ሕግ ስያሜውን ያገኘው በ1797 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ስለ ገጠር ትዕይንት ሥዕል ከጻፈው መጽሐፍ ነው። ዓላማውም ዓይንን የሚያስደስት ሚዛን መፍጠር እንጂ ሕንፃን መመዝገብ አልነበረም። ልዩነቱ በሦስት ሁኔታዎች ጎልቶ ይታያል።

አንደኛው የትውልድ ምሰሶ ነው። በኮንሶ ሞራ፣ ማለትም በሕዝብ መሰብሰቢያው አደባባይ፣ ሥልጣነ ትውልድ ሲተላለፍ አዲስ ግንድ ከቀደሙት አጠገብ ይተከላል። የምሰሶዎቹ ብዛት የመንደሩን ዕድሜ ለመገመት ይረዳል። ለውበት ሲባል ዳር ያለው ግንድ ከምስሉ ከተቆረጠ አንድ ትውልድ ከመዝገቡ ይጎድላል። ስለዚህ ምሰሶዎቹ መካከል ላይ ሆነው፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ሁሉም ሊቆጠሩ በሚችሉበት ሁኔታ መነሣት አለባቸው።

ሁለተኛው ቋሚ መስመርን የማቃናት ልማድ ነው። ያለ ማያያዣ ጭቃ የተካበ ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ያዘነብላል ወይም ሆዱን ይነፋል። ፎቶግራፉ በኮምፒውተር ሲቃና የአደጋው ምልክት አብሮ ይጠፋል። ፊት ለፊት የተነሣ ምስልም እብጠቱን ይሸፍናል። በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ከካቡ ጎን ተጠግቶ፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ማንሣት ግን ያጋልጠዋል። በምስሉ ውስጥ ቱንቢ ቢንጠለጠል ያዘነበለው ካቡ ይሁን ካሜራው ይለያል።

ሦስተኛው ምስሉን የማጽዳት ፍላጎት ነው። ከሣር ክዳኑ ጎጆ አጠገብ የቆርቆሮ ቤት ቢኖር፣ እርሱን ከምስሉ ማስወጣት ስለ ቅርሱ የዛሬ ይዞታ የተሳሳተ ግንዛቤ ይሰጣል። የ1964 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቻርተር የጥገና ሥራ በሥዕላዊ ንድፍና በፎቶግራፍ እንዲመዘገብ የሚጠይቀው፣ ኋላ የሚመጣ ባለሙያ የነበረውን ሁኔታ መመርመር እንዲችል ነው።

ይህ ማለት ግን ሕግ መጣስ በራሱ ዕውቀት ያስገኛል ማለት አይደለም። ለትዕይንት ሲባል ካሜራን ማጋደል ካቡን ያላዘነበለ አዘንባይ ያደርገዋል፤ ይህም ከማቃናት ያላነሰ ስሕተት ነው። መለኪያው አንድ ነው፤ ሕጉ ቢከበር የሚጠፋው መረጃ ምንድን ነው? ጥያቄው ግልጽ መልስ ካላገኘ ሕጉ ይከበር። መልስ ሲኖረው ደግሞ ያልታረመው ምስል ይቀመጥ፤ የተነሣበት ቀን፣ ቦታና አቅጣጫ፣ እንዲሁም ሕጉ የተጣሰበት ምክንያት ከጎኑ ይጻፍ። ካቡ የፈረሰ ዕለት መልሶ የሚክበው ሰው የሚመራው በዚህ መዝገብ ሊሆን ይችላልና።