አሮጌ ፒካፕ ገዛሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በ1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ገዛሁ። በየቀኑ ልነዳው ነው። መጀመሪያ ቀለም ላስቀባው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት! ቀለሙ ይቆይ፤ ከሁሉ በፊት ፍሬኑን ያስተካክሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩት፤ ሸራውንና ቱቦዎቹንም ያስፈትሹ።

ጎማው ጥርስ ስላለው ብቻ አይመኑት። በጎኑ የተጻፉት 4 አሃዞች 2315 ከሆኑ በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ይቀየር።

የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ አዲስ ያስገቡ። በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል።

ባሌስትራው ከሻሲው ጋር የሚያያዝበትን ቦታ በመዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ዝገት ሳይበላው አልቀረምና ሳይጭኑ ያሳዩት።

ገንዘብ ከተረፈዎት ያኔ ቀለም ይቀቡታል።