በድንገት ስለምታነክስ ዶሮ

ጥያቄ፦ እንቁላል መጣል የጀመረች ዶሮዬ ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ ወጥታ፣ ጧት አንድ እግሯን አንጠልጥላ አገኘኋት። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሌሎቹ እንዳይጫኗት በደረቅ ጭድ ላይ ለብቻዋ ያኑሯት፤ ውሃና መኖውንም ያቅርቡላት። ከዚያም በብርሃን ይዘው እግሯን ከጭኗ እስከ ጥፍሯ በጣትዎ እየዳሰሱ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ወይም መገጣጠሚያው አብጦና ግሎ እንደሆነ፣ ይልቁንም ብዙዎች የሚዘነጉትን፣ በጣቶቿ ላይ ክር ወይም ጠጉር ተጠምጥሞ ሥጋዋን ሰርስሮ እንደሆነ ይመርምሩ፤ ክሩ ተገኝቶ በጥንቃቄ ቢቆረጥ ፈውሷ ቅርብ ነው።

በመርገጫዋ ላይ እብጠትና በመካከሉ ጥቁር ቅርፊት ቢታይ፣ ይህ ከከፍተኛ ቆጥ በመዝለል ወይም ሻካራ መሬት በመርገጥ በተከፈተ ቁስል የገባ ተህዋስ ያመጣው መግል ነውና፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ነክረው፣ አድርቀው፣ አዮዲን ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ጨርቁንም በየቀኑ ይለውጡት። መግሉ ከጠለቀ ግን የእንስሳት ሐኪም ያሻዋል፤ በቤት ምላጭ መክፈት በፍጥረቷ ላይ ጭካኔ ነው።

እግሯ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ዘርግታ ብትተኛ ግን ነገሩ ጽኑ ነው፤ ይኸውም የሀንጋሪው ሐኪም ዮሴፍ ማሬክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 የገለጸው፣ ነርቭን የሚያጠቃው የማሬክ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱም የሚጠቅመው ጫጩቷ እንደ ተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ ለቀጣዩ መንጋዎ የተከተቡ ጫጩቶች ይግዙ።