ሌንስ በኤግዚቢሽን ላይ ሞክረው ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ብዙ የአገራችን ፎቶ አንሺዎች ሌንስ የሚገዙት ሳይነኩት ነው። ዩቲዩብ ላይ ያዩታል፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ዘመድ ገንዘብ ይልካሉ፣ ከዚያ ዕቃው በሰው ሻንጣ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። የስንት ሰርግ ገቢ የሚበላ ዕቃ እንዲህ በጭፍን መገዛቱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የካሜራ ኤግዚቢሽን የመግባት ዕድል ያገኘ ሰው፣ ለራሱም ይግዛ አገር ቤት ላለ ወንድሙ፣ ቀኑን በከንቱ እንዳያሳልፈው እፈልጋለሁ።

ከካሜራ ኤግዚቢሽኖች መካከል የኮሎኙ ፎቶኪና እ.ኤ.አ. በ1950 ተጀምሮ ከ2018 ወዲህ አልተካሄደም። ዮኮሃማ ላይ ግን በየካቲት ሲፒ ፕላስ አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ ዘ ፎቶግራፊ ሾው፣ ኒውዮርክ ቢልድ ኤክስፖ፣ ሻርጃ ደግሞ ኤክስፖዠር አሉ።

ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ ሥራ አለ። ያለፈውን ዓመት ፎቶዎችዎን ላይትሩም ላይ ከፍተው በየትኛው ሚሊሜትር ብዙ እንዳነሱ ይዩ፤ ፕሮግራሙ ለይቶ ያሳይዎታል። በ24-70 ሌንስዎ ካነሱት አብዛኛው 70 ላይ ከሆነ፣ የሚያስፈልግዎ ረዘም ያለ ሌንስ ነው፤ ቡዝ ላይ ያዩት 16-35 ልብዎን እንዳይወስደው።

የራስዎን ካሜራ፣ የተሞላ ባትሪና ባዶ ሜሞሪ ካርድ ይያዙ። ካሜራውን መያዝ ያለብዎ መጀመሪያ ሌንሱ መግጠም አለመግጠሙን ለማየት ነው። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አዲሶቹ የአርኤፍ ካሜራዎች ላይ ይሠራል፤ የአርኤፍ ሌንስ ግን በድሮው ዲኤስኤልአር ላይ አይሠራም። በኢኤፍ ካሜራ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊሜትር ሲሆን በአርኤፍ 20 ነው። የጎደለውን 24 ሚሊሜትር አዳፕተር ይሞላዋል፤ ሌንሱን ወደ ሴንሰሩ የሚያስጠጋ ቦታ ግን በድሮው ካሜራ ውስጥ የለም። የኒኮን ኤፍ እና ዜድም እንዲሁ ናቸው። ደግሞም የእርስዎ ካሜራ ኤፒኤስ-ሲ ከሆነ፣ ቡዝ ላይ ባለው ፉል ፍሬም ካሜራ ሰፊ ሆኖ ያዩት 35 ሚሊሜትር እርስዎ ጋ ሲመጣ ከ50 በላይ የሆነ ያህል ይጠብባል።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው የአዳራሹ ብርሃን ነው። ኩባንያዎቹ ሞዴል አቁመው፣ መብራቱን አስተካክለው፣ ከጀርባ ያለውን አሳምረው ይጠብቁዎታል። እዚያ ላይ ርካሹም ውዱም ሌንስ ያምራል። እርስዎ ግን የሚሠሩት ጧፍ በሚበራበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወይም በጥምቀት ጠራራ ፀሐይ ነጭ በለበሰ ሕዝብ መካከል ነው። ስለዚህ ነጠላ ይዘው ይሂዱ። አብሮዎት ያለውን ሰው ነጠላውን አልብሰው ከመድረኩ ራቅ ወዳለ ጨለምለም ያለ ጥግ ይውሰዱትና ፎከሱን ጥለት በሌለበት ነጭ ቦታ ላይ ያድርጉት። የሚይዘው መስመር ሲያጣ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ይፈልጋል፤ ወደ ጥለቱ ሲያዞሩት ወዲያው ይይዛል። ነጩ ላይ ምን ያህል እንደሚዋትት ልብ ይበሉ፤ ሙሽራዋ ስትገባ የሚያመልጥዎ ያ ቅጽበት ነውና። በዚህ ካሜራውም ድርሻ ስላለው የሚታመነው ሙከራ በራስዎ ካሜራ ያደረጉት ነው።

ቀጥሎ ነጠላው ከኋላው መብራት እንዲመታው አድርገው፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ያንሱ። የነጩ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከታየ ያ ሌንስ ሀበሻ ልብስ ላይ ብዙ የኤዲቲንግ ሥራ ያመጣብዎታል።

ፎቶው ላይ አግድም የብርሃን መስመር ካዩ፣ ወይም ቀለሙ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ከተለዋወጠ፣ በሌንሱ አይፍረዱ። ጥፋቱ የአዳራሹ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር፣ ለምሳሌ ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝና ኤምሬትስ፣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርገው ይድገሙት። አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ወይም 1/125 ይሻላል።

አሁን ጽሑፍ ያለበት ፖስተር ፈልገው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ይቁሙና አፐርቸሩን እንደከፈቱ ያንሱት። አራቱም ጥግ በእኩል ከደከመ የሌንሱ ጠባይ ነው፤ አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ግን ውስጡ ያለ መስታወት ከቦታው የተዛነፈ ሊሆን ይችላል። ቡዝ ላይ ያለው ሌንስ ስንት እጅ ያለፈበት፣ ምናልባትም የወደቀ ነው። ለእርስዎ የሚሰጡት ደግሞ ሌላ፣ በካርቶን የታሸገ ነው። እንግዲህ ይህን ሙከራ የገዙት ላይ መድገም ግዴታ ነው።

ካርድዎን ሳይጠይቁ አይክተቱ። ገበያ ላይ ያልዋለ ካሜራ ወይም ሌንስ ሲያሳዩ ፋይል ይዞ መውጣትን የሚከለክሉ አሉ። ከፈቀዱልዎ ሆቴል ገብተው በላፕቶፕ፣ መቶ በመቶ አስፍተው፣ ዛሬ ካለዎት ሌንስ ፎቶ ጎን ያስተያዩት። በካሜራው ስክሪን ላይ የማይታይ ጉድ እዚያ ይታያል።

ስለ ተጨማሪ ዕቃዎች ባጭሩ፦ ትራይፖዱን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ጭንቅላቱን ጠምዘዝ ያድርጉት፤ የሚወላገድ ከሆነ የተጻፈለት የኪሎ አቅም ምንም አይጠቅምዎትም። ፍላሽና ትሪገር ለየካሜራው ይለያያሉና ካሜራዎ ላይ ሰክተው አብርተው ይዩ። ፊልተሮችዎ 77 ሚሊሜትር ሆነው አዲሱ ሌንስ 82 ከሆነ፣ የአዲስ ፊልተር ዋጋ ከሌንሱ ጋር ይደምሩ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ከታች በሚጫን ሻንጣ አይሄድም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ችግር የለውም፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ለአንድ ሰው ከሁለት ሳይበልጥ ነው።

የኤግዚቢሽን ቅናሽ ሲነግሩዎት፣ ዋስትናው በየትኛው አገር እንደሚሠራና በስንት ቀን መመለስ እንደሚቻል በጽሑፍ ይቀበሉ። ቦሌ ላይ የሚጠየቀውን ቀረጥም አስቀድመው አጣርተው ከዋጋው ጋር ያስቡት። ተመላሽ መንገደኛ ከሆኑ ከበረራው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይግዙ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ካርቶኑን ከፍተው የፖስተሩን ሙከራ ያድርጉ። አንድ ጥግ ደብዝዞ ከተገኘ በማግስቱ ጠዋት፣ ቡዙ ሰው ሳይሞላው፣ ፎቶውን አሳይተው እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ።