ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን እስትንፋስ እንዴት ይለካል?

ጽንስ በማኅፀን ሳለ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ ኦክስጅን የሚያገኘውም በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። እንደተወለደ ግን ፈሳሹ ስፍራውን ለአየር መልቀቅ ይኖርበታል። ይህ ሽግግር ከ37 ሳምንት በፊት ለተወለደ፣ በተለይም 28 ሳምንት ላልሞላው ሕፃን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳዩት፣ የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት የተባለው ንጥረ ነገር ይጎድለዋል። ሰርፋክታንት የፈሳሽን የገጽ ውጥረት በመቀነስ የሳንባ አየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ነው።

ሕፃኑ በራሱ ካልተነፈሰ ባለሙያው በአፉና በአፍንጫው ላይ ጭምብል አድርጎ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ አየር ይሰጠዋል። ታዲያ አየሩ ሳንባ መድረሱን በምን እናውቃለን? ዋነኛው ምልክት የልብ ምት ነው፤ ቀንሶ የነበረው ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ከወጣ እርዳታው ሠርቷል ማለት ነው። ደረት ከፍ ዝቅ ሲል መመልከትም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዓይን ጥቂት ሚሊሊትር አየርን በትክክል ሊለካ አይችልም።

ስለዚህ በጭምብሉና በአየር ሰጪው መሣሪያ መካከል አነስተኛ የፍሰት መለኪያ ይገጠማል። መለኪያው የአየሩን ፍሰት በየቅጽበቱ ይመዘግባል፤ ፍሰቱ ከጊዜ ጋር ሲደመር መጠኑን ይሰጠናል። ይህም በሒሳብ ትምህርት ኢንቴግራል የምንለው ስሌት ነው።

ክብደቱ 800 ግራም የሆነ ሕፃን በምሳሌነት እንውሰድ። የሚፈለገው መጠን በኪሎግራም ከ4 እስከ 8 ሚሊሊትር ከሆነ፣ ለእርሱ በአንድ ትንፋሽ ከ3.2 እስከ 6.4 ሚሊሊትር ይበቃዋል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሚይዘው ብዙም የራቀ አይደለም። መሣሪያው 9 ሚሊሊትር ገብቶ 3 ሚሊሊትር ብቻ እንደወጣ ቢያሳይ፣ 6 ሚሊሊትሩ በጭምብሉ ጠርዝ አፈትልኳል። ሳንባ የደረሰውም ከሚፈለገው በታች ነው።

መፍትሔው ግፊቱን መጨመር ይመስላል፤ ነገር ግን አደጋው እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ ከተጨመረ በኋላ ጭምብሉ በድንገት ቢገጥም፣ ሳንባው ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ የበግ ግልገሎች ገና ሲወለዱ ከመጠን ያለፉ ስድስት ትንፋሾች ተሰጥተው ነበር። በኋላ የተሰጣቸው ሰርፋክታንት የሚገባውን ያህል ሳይጠቅማቸው ቀረ። ስለዚህ በቅድሚያ መስተካከል ያለበት የጭምብሉ አያያዝና የሕፃኑ የራስ አቀማመጥ ነው።

መሣሪያው ብቻውን በቂ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመና ከ24 እስከ 27 ሳምንት የተወለዱ 288 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ስክሪኑ ለባለሙያዎቹ ሲታይም ሆነ ሲሸፈን፣ በሚፈለገው መጠን ውስጥ የነበሩት ትንፋሾች 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ቁጥርን ማየት አንድ ነገር፣ በቁጥሩ መሠረት እጅን ማስተካከል ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ልኬት ሕይወትን የሚታደገው ትርጉሙን ተረድቶ በቅጽበት የሚሠራ የሠለጠነ እጅ ሲያገኝ ነው።