ሕክምናው ሲያልቅ የሚጀመር ሥራ፦ ለካንሰር ሕሙማን የሚያስፈልግ የሥነ ልቡና ድጋፍ በሰቆጣ አካባቢ

መግቢያ

የካንሰር ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናውን ወይም መድኃኒቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብዙዎቻችን «ተመስገን፣ ዳነ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ስለ ተሃድሶ ስንማር ግን የሕመምተኛው የልቡና ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው ልክ በዚያን ጊዜ እንደሆነ እንረዳለን። ሐኪም ቤት ሳለ ሐኪሙ አለ፣ ነርሷ አለች፣ ቀጠሮው አለ። ቤቱ ሲገባ ግን ከራሱ ሐሳብና ከጎረቤቱ ዓይን ጋር ብቻውን ይቀራል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ሐሳብ አንድ ነው። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው የሥነ ልቡና ድጋፍ የበሽታውን ምንነት ለሕመምተኛውም፣ ለቤተሰቡም፣ ለጎረቤቱም በሚገባቸው ቋንቋ ማስረዳት ነው እላለሁ። ይህን ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረችኝ አክስቴ ናት።

ሲኒው ለምን ተለየ?

አክስቴ የምትኖረው ሰቆጣ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት አንድ ዓመት ያህል ደብቃ ጠበል ስትጠመቅ ቆየች። በመጨረሻ ሩቅ ከተማ ሄዳ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ መድኃኒትም በደም ሥር ወሰደች። ለእሷ የተነገራት «እጢ ነው፣ ወጥቷል» የሚል ብቻ ነበር። እውነቱን የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቿ ነን። «ከሰማች ትሞትብናለች» ብለን ዝም አልን።

ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስገባ አክስቴ ቡና ጠጡ የሚሏት ቤት መሄድ አቁማለች። እጇን እንድታንቀሳቅስ የታዘዘችውን እንቅስቃሴ ትታለች። ለዓመታት በየቀኑ እንድትውጥ የተሰጣትን ክኒንም አቋርጣለች። ምክንያቱን ስጠይቃት «ሲኒዬን ለይተውታል» አለችኝ። ጎረቤቷን ሄጄ ጠየቅኩ። «ልጄ፣ እሷንስ እወዳታለሁ፤ ለልጆቼ ፈርቼ ነው። ነቀርሳ ነው አሉኝ» አለችኝ።

ነገሩ ያለው እዚህ ቃል ላይ ነው። በአማርኛ ካንሰርን ነቀርሳ እንላለን፤ ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን። ሰዉ ለብዙ ዓመታት በየጤና ጣቢያው የሰማው የሳንባ ነቀርሳ ተላላፊ መሆኑን ነው። ስለዚህ የጡት ነቀርሳም ይተላለፋል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሁለቱ ግን አይገናኙም። ቲቢ በጀርም የሚመጣና በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው (ቲቢም ቢሆን በሲኒ አይተላለፍም)። ካንሰር ደግሞ የሰውየው የራሱ የአካል ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሲራቡ የሚፈጠር ነው። በትንፋሽ፣ በዕቃ ወይም አብሮ በመተኛት አይጋባም። ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር መነሻ የሚሆነው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ካንሰሩ ራሱ ግን ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

እንግዲህ አክስቴን ከሰው የለያት በሽታው ሳይሆን የበሽታው ስም ነበር ማለት ነው።

ትምህርቱ ምን ይላል?

የካንሰር ሕሙማንን ልቡና መንከባከብ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ እንዲሆን ትልቁን ድርሻ ካበረከቱት አንዷ አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጂሚ ሆላንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ በሚገኘው በመሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ይህን አገልግሎት ማደራጀት ጀመሩ። እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳውንደርስ ደግሞ የሕመምተኛ ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የልቡና፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን አስተምረዋል። የአክስቴ ሲኒ ማኅበራዊ ሥቃይ የሚሉት ነው።

ጭንቀትን ለመለካት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ «የጭንቀት ቴርሞሜትር» ይባላል። ሕመምተኛው ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ጭንቀቱን ያመለክታል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቁጥር ለማያነብ ሰው ግን ይህ ይከብዳል። እኔ አክስቴን «ሐሳብሽ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውኃ ቢሆን እስከ የት ሞልቷል?» ብዬ ጠየቅኳት። እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። ይህ ሳይንሳዊ መለኪያ ነው አልልም፤ ለጨዋታ በር ለመክፈት ግን ጠቅሞኛል።

ምን አደረግን?

በመጀመሪያ እውነቱን ለራሷ ነገርናት። አለቀሰች። ቀጥላ «ስገባ ሁላችሁም ዝም ስትሉ የማላውቅ መሰላችሁ?» አለች። ከዚያም «ይመለስብኛል ወይ?» ብላ ጠየቀች። «አይመለስም» ብሎ ቃል መግባት ትክክል አይደለም። የተናገርነው ክኒኑን መዋጥና በቀጠሮ መታየት እንደሚጠቅም፣ አዲስ እብጠት ካየች ሳትውል ሳታድር እንድትናገር ነው።

ሁለተኛ፣ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለመንን። ኽምጣና ተናጋሪ ናት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት በራሳቸው ቋንቋ አስረዳቻቸው። እኔ በአማርኛ አንድ ሰዓት የለፋሁበትን እሷ በሩብ ሰዓት ጨረሰችው።

ሦስተኛ፣ የነፍስ አባቷ ጠበሉንም ክኒኑንም አብራ እንድትወስድ መከሯት። እኛ ብንነግራት ክርክር ይሆን ነበር።

አራተኛ፣ የቤት ሥራ እንደ አቅሟ ተመለሰላት። ውኃ መሸከም ባይፈቀድላትም ልብስ ማስጣትና ምስር መልቀም ጀመረች። ይህ ለእጇም ለልቧም ነው፤ በእኛ አገር ሥራ የሌላት እናት ራሷን እንደ ሸክም ትቆጥራለችና።

ውጤቱን ላጋንን አልፈልግም። አንዲት ጎረቤት እስከ ዛሬ ሲኒ ትለያለች። አክስቴ ግን ቡና መሄድ ጀምራለች፤ ክኒኑንም ትውጣለች።

ማጠቃለያ

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። የዋግ ኽምራ ሕመምተኛ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞና ጥሪቱን ጨርሶ ታክሞ ከተመለሰ በኋላ በአንድ ቃል ስሕተት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ትልቅ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ለተግባር ልምምድ የምንወጣ ተማሪዎች ሦስት ነገር እንድንይዝ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሕመምተኛው ስለ በሽታው ምን እንደሚያውቅና ምን ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድመን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ «ነቀርሳ» ስንል የትኛውን እንደሆነ ለይተን እንናገር። ሦስተኛ፣ እንቅልፍና ምግብ ለሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ ወይም ሰውየው መሞትን ከተናገረ፣ በምክር ብቻ ሳናቆየው ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው።

አማካሪ በሌለበት ቀበሌም ቢሆን ቡና የሚጠጣበት ቤት አለ። ድጋፉ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።