«ፍሬን እምቢ ብሎት» ከሚለው ዜና ጀርባ

የመኪና አደጋ ዜና ሲነበብ አንዲት የተለመደች አባባል አለች፤ «ፍሬን እምቢ ብሎት»። ዘጋቢው እሷን ብሎ ያልፋል። ፍሬን ግን እንደ በቅሎ በራሱ ፈቃድ እምቢ አይልም። ጋዜጠኛ የምንሆን ሰዎች እምቢ እስኪል ድረስ የሚሆነውን ማወቅ ያለብን ይመስለኛል።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች መካከል የሚመላለሱት ሚኒባሶች በአብዛኛው የፊት ፍሬናቸው ዲስክ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ ካሊፐር ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ሸራዎቹም ከሁለት በኩል ዲስኩን ጨምቀው ይይዙታል። መኪናውን የሚያቆመው ፍትጊያው ነው። ፍትጊያ ደግሞ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሸራውንም ይበላዋል። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየር አለበት። ከዚያ ካለፈ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ስለ ፍሬን ሲነሳ ብዙ የሚወራው ስለ ስፖርት መኪና ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ በአንዳንድ መኪኖቹ ላይ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የሴራሚክ ዲስክ ይገጥማል። ሆሳዕና ላይ ፖርሽ ማን አየ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናስላው። 1 ሺህ 500 ኪሎ የሚመዝን ስፖርት መኪና በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል 3.6 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ሆሳዕና ከሀላባ ቁሊቶ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሰውና ዕቃ ጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 400 ሜትር ሲወርድ 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይለቃል። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው! 35 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በእርግጥ በአንዴ አይደለም፤ ከፊሉንም ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል። ሞተሩ የሚያግዘው ግን ማርሽ ከገባ ብቻ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ሸክሙን ለሸራው ይተወዋል።

ዋናው ጉድ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ ሲያረጅ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ ፒስተኑን አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ታዲያ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ መልሶ ሊጠነክር ይችላል፤ ከአደጋው በኋላ ፍሬኑን ለሚፈትሸው ሰው ደህና መስሎ ይታያል።

ካሊፐሩም ቢሆን የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በጭቃና በዝገት ሲያዙ የውስጠኛው ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ የውጪው ግን ገና ነው። በጎማው ቀዳዳ አጮልቆ «አለው» ማለት አይበቃም።

ስለዚህ መግለጫ የሚሰጠንን ሰው ሸራው መቼ እንደተቀየረ፣ የውስጠኛው ስንት ሚሊ እንደቀረው፣ ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ መኪናው ስንት ሰው ጭኖ በስንተኛ ማርሽ ይወርድ እንደነበር እንጠይቀው። ስለ ማርሹ እንኳ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪም ሊነግረን ይችላል፤ በፎሌ የሚወርድ መኪና ሞተሩ አይጮህም።