ሁለት ሰንጠረዦችን በቁልፍ መልክ ስለ ማያያዝ

መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ አንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር ማስተያየት ግድ ይሆንበታል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከመደርደሪያው ዝርዝር ጋር፥ የሬጅስትራር ጸሐፊ የተማሪዎቹን ስም ከፈተና ውጤታቸው ጋር፥ ሐኪም ቤት የበሽተኛውን ካርድ ከመድኃኒቱ ማዘዣ ጋር ያገናኛል። ይህ ሥራ ዛሬ በኮምፒዩተር ስለሚፈጸም ብዙዎቻችን የመሐንዲሶችና የሒሳብ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አድርገን እንመለከተዋለን። ነገር ግን በውስጡ ያለው ጥያቄ የፊደል፥ የስምና የትርጉም ጥያቄ ስለ ሆነ እኛን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎችንም በቀጥታ ይነካናል። ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ ጀምረን በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ቁልፍና መልክ

በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፥ በአሜሪካ አገር በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ፥ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ ሊቀመጥ እንደሚችል፥ ሰንጠረዦቹም የሚገናኙት በውስጣቸው በተጻፈው ዋጋ መሆን እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። በ1974 የሥራ ባልደረቦቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በዚሁ አሳብ ላይ የተመሠረተ የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ፤ ይኸውም ኋላ ኤስ.ኪው.ኤል. ተብሎ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው።

በዚህ ሥርዐት አንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ምልክት ቁልፍ ይባላል። ሁለቱ ሰንጠረዦች ቁልፉን በአንድ ዓይነት ጽሑፍ የያዙት እንደ ሆነ ማያያዙ ቀላል ነው፤ «ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነው» ማለት ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን መዝገቦች የጻፉት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው። አንዱ ቁልፉን አሳጥሮ፥ ሌላው አስረዝሞ ጽፎት ይገኛል። በዚህ ጊዜ እኩልነትን ትተን መልክን እንድንጠይቅ የሚያስችለን ላይክ የተባለው ትእዛዝ ነው።

ላይክ ሁለት ምልክቶች አሉት። % ማለት «በዚህ ቦታ ማናቸውም ጽሑፍ፥ ረዥምም ይሁን አጭር፥ ባይኖርም ግድ የለም» ማለት ነው። _ ደግሞ «ማናቸውም ይሁን፥ ነገር ግን አንድ ፊደል ብቻ» ማለት ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ከበ_» ብለን ብንጠይቅ ከበደንም ከበረንም ከበበንም ያመጣልናል። ይኸው ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ለመጨረሻዋ ፊደል ሁለት ምልክት ባስፈለገ ነበር።

ለ. የመጻሕፍቱ ምሳሌ

ሜልቪል ዲዊ በ1876 ያሳተመው የመጻሕፍት አከፋፈል በብዙ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል። በዚህ አከፋፈል ቁጥሩ በረዘመ መጠን ርእሱ እየጠበበ ይሄዳል። እንግዲህ «ክፍሎች» የተባለ ሰንጠረዥ አራት ረድፍ ይዟል እንበል፤

962 — የግብፅ፥ የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ታሪክ
962.4 — የሱዳን ታሪክ
963 — የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ
963.5 — የኤርትራ ታሪክ

«መጻሕፍት» የተባለው ሁለተኛው ሰንጠረዥ ደግሞ በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ይዟል፤

ሀ) 963.04 ታ
ለ) 963.5 በ
ሐ) 962.4 መ
መ) 892.87 ከ

በምልክቱ መጨረሻ የደራሲው ስም መጀመሪያ ፊደል ስለ ተጨመረበት በእኩልነት ቢጠየቅ አንድም ረድፍ አይገኝም። ስለዚህ እንዲህ እንጠይቃለን። (ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን በድምፃቸው አስቀምጠናቸዋል።)

ፍሮም መጻሕፍት ጆይን ክፍሎች
ኦን ምልክት ላይክ ቁጥር || '%'

ሁለቱ ቋሚ መስመሮች «ቀጥል» ማለት ናቸው፤ የክፍሉን ቁጥር ይወስዱና %ን በኋላው ይቀጥሉበታል። በአንዳንድ ሥርዐት በእነርሱ ፈንታ ኮንካት የሚለው ቃል ይገባል። የጥያቄው ትርጉም «ምልክቱ በክፍሉ ቁጥር የሚጀምረውን መጽሐፍ ሁሉ ከዚያ ክፍል ጋር አያይዝ» ነው።

መልሱ አምስት ረድፍ ነው። አራት መጻሕፍት አስገብተን አምስት ስላገኘን ምንም የጠፋ የለም ብለን ልንረካ እንችል ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን እንመርምር። «ሀ» ከ963 ጋር አንድ ጊዜ ተያያዘ። «ለ» ከ963ም ከ963.5ም ጋር ስለ ተያያዘ ሁለት ሆነ። «ሐ»ም እንደዚሁ ከ962ና ከ962.4 ጋር ሁለት ሆነ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሆነው «መ» ግን 892.87 በክፍሎቹ ሰንጠረዥ ስለሌለ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ። እንግዲህ ሁለቱ መጻሕፍት በመደጋገማቸው የአንዱን መጥፋት ሸፈኑት። ቈጠራው የተማሪ ወይም የበሽተኛ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሰው ከመዝገብ ተፍቆ ሳለ ድምሩ ሙሉ መስሎ ይታየን ነበር። የዚህ ዓይነት ማያያዝ ዋናው አደጋ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ በጆይን ፈንታ ሌፍት ጆይን ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጓደኛ ያጣው ረድፍ ከነባዶ ቦታው ይቀርልናል፤ መልሱም ስድስት ረድፍ ይሆንና «መ» ብቻውን ቆሞ እናየዋለን። ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ከተያያዙት ቁልፎች ረዥሙን ብቻ መምረጥ ነው። ረድፎቹን በየመጽሐፉ ለይቶ፥ በቁልፉ ርዝመት ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ፥ ተራ ቁጥር የሚሰጥ ሮው ነምበር የተባለ መሣሪያ አለ፤ ከዚያም ተራ ቁጥሩ 1 የሆነውን ብቻ እናስቀራለን። ያን ጊዜ አራቱ መጻሕፍት አራት ረድፍ ሆነው ይመለሳሉ።

የስልክ ጥሪም የሚታወቀው በዚሁ ረዥሙን በመምረጥ ሕግ ነው። በ251 የሚጀምር የዓለም አቀፍ ቁጥር የኢትዮጵያ ነው። 1 ግን አሜሪካ፥ ካናዳና ሌሎችም አገሮች የሚካፈሉት ሲሆን፥ 1876 ብሎ የሚጀምረው የጃማይካ ነው። በአጭሩ ቁልፍ ብቻ የሚፈርድ መዝገብ የጃማይካውን ጥሪ አሜሪካ ብሎ ያስከፍላል።

ሐ. የስም ምሳሌ

በስም ማያያዝ ከቁጥር ይልቅ ያስቸግራል። በአንዱ ዝርዝር የተማሪው ስም ብቻ፥ በሌላው ግን ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል እንበል። «አበበ%» ብለን ብንጠይቅ አበበ ብቻ ሳይሆን አበበችም ትመጣለች፤ «በላይ%» ብንል በላይነህና በላይነሽ ይከተላሉ። የአበበች ውጤት ለአበበ ተጽፎ ቢገኝ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የጠየቅነውን በትክክል መልሶልናል። የሚያድነን ወሰን ማበጀት ነው፤ ከስሙ በኋላ ባዶ ቦታ ጨምረን «አበበ %» ካልን አበበች አትገባም። በቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «12%» ሲባል 120ም 1245ም አብረው ይመጣሉ።

ሌላው ችግር ሞክሼ ፊደሎች ናቸው። በአማርኛ ንባብ ፀሐይ የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ ፀ ወይም ጸ፥ ሁለተኛው ሀ፥ ሐ፥ ኀ፥ ሃ፥ ሓ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል በ12 ዓይነት ቢጻፍ ድምፁ አይለወጥም። ለኮምፒዩተሩ ግን 12 የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ሞክሼዎቹን በሪፕሌስ ትእዛዝ ወደ አንድ ፊደል የመለሰ ተጨማሪ ዐምድ ማበጀትና በእርሱ ማያያዝ ይገባል። ነገር ግን ዋናው ጽሑፍ መነካት የለበትም። በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ፥ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ማለት ስለ ሆነ፥ ፊደሉን ከመሠረቱ የለወጠ ሰው ትርጉሙንም አብሮ ያጠፋል።

መ. ልንጠብቃቸው የሚገቡ ደንቦች

1ኛ/ ከማያያዝ በፊትና በኋላ እንቁጠር። የረድፉን ድምር ብቻ ሳይሆን፥ ስንቱ ጓደኛ እንዳጣና ስንቱ ከአንድ በላይ እንዳገኘ ለይተን እንቁጠር።

2ኛ/ ባዶ ቁልፍ ከሰንጠረዡ ይወገድ። ባዶ ላይ % ሲቀጠል % ብቻ ይቀራልና ያ አንድ ረድፍ ከሁሉም ጋር ይያያዛል።

3ኛ/ በቁልፉ ውስጥ ራሱ _ ወይም % ካለ፥ እንደ ተራ ፊደል እንዲቈጠር ኤስኬፕ በሚባለው ቃል እናስታውቅ።

4ኛ/ ያለ ችግር ካልሆነ በቀር %ን በመጀመሪያ አናድርግ። ኢንዴክስ የተባለው ማውጫ እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥቶ የተሰለፈ ነው። በ«ሰላ» የሚጀምር ቃል የሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ ገልጦ ያገኛል፤ ቤት ለመምታት በ«ላም» የሚያልቅ ቃል የሚፈልግ ገጣሚ ግን መጽሐፉን ሁሉ ማገላበጥ አለበት። ኮምፒዩተሩም እንደ ገጣሚው ይደክማል።

5ኛ/ አንድ ጊዜ በመልክ ያገናኘነውን ለሁልጊዜ በመልክ አናገናኝ። የተገኙት ጥንዶች በሰው ዓይን ከተመረመሩ በኋላ የሁለቱን ቁልፍ ጎን ለጎን በያዘ ሦስተኛ ሰንጠረዥ ይጻፉ፤ ከዚያ ወዲያ ማያያዙ በእኩልነት ይሆናል።

እንግዲህ የመልክ ማመሳሰል ጥቅሙ ሊሆኑ የሚችሉትን ጥንዶች ፈልጎ ማቅረብ ነው። እነዚህ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ናቸው ብሎ የሚፈርደው ግን መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ነው። ከመካከላችን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የስም ዝርዝር የሚረከብ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ አንዲት ተማሪ ውጤቷን ልትጠይቅ ብትመጣና ስሟ ቢታጣ፥ «መዝገቡ የለሽም ይላል» ብለን ከመመለሳችን በፊት መዝገቡ በምን ዓይነት ጥያቄ እንደ ተያያዘ እንመልከትላት።